ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ በሰው ሰራሽ ዝንብ አሳ ያጠመደ አለ?

የቦርከና_ልጅ
ሰላም ጀማው፣ እንዴት ከረማችሁ? አጎቴ ከኮሎራዶ ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ አንድ ረጅም ቱቦ ትቶልኝ ሄደ። መጀመሪያ የድንኳን ምሰሶ መስሎኝ ነበር። ስከፍተው አራት ቦታ የሚገጣጠም ዘንግ፣ የክር መጠቅለያ፣ ከዚያ ደግሞ በትንሽ ሳጥን ሃያ የሚሆኑ ዝንቦች አገኘሁ። እውነተኛ ዝንብ እንዳይመስላችሁ። መንጠቆ ላይ ላባና ክር ተጠምጥሞ የተሰራ ነው። እናቴ ሳጥኑን ከፍታ ጮኸች። "ይሄን ጉድ ከቤቴ አውጣልኝ" ብላ አሁን በረንዳ ላይ ነው የሚያድረው።

አጎቴ እዚያ የሚያጠምደው ትራውት የሚባል አሳ ነው። ጫካ ውስጥ፣ ዘለህ በምትሻገራት ጅረት። ቪዲዮውን ሲያሳየኝ ወዲያው ትዝ ያለችኝ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ የማውቃት ውሃ ነች። ጥድ፣ ወይራ፣ ሾላ፣ ትላልቅ ድንጋይ፣ ኩልል ያለ ውሃ። ምን ጎደላት?

እና ትራውት እኛ ጋ አለ ወይ? ከሌለስ በዚህ ዘንግ ሌላ ነገር ይያዛል? ክሩ ራሱ እንደ ጫማ ማሰሪያ ወፍራም ነው። ይሄን አይቶ የማይሸሽ አሳ ካለ እሱም ችግር አለበት።

ሸዋበር_ላይ
ዝንብ ለማግኘት ኮሎራዶ ድረስ? ክረምት ላይ ሻይ ቤት ቁጭ በል አቦ፣ በነፃ ነው።

ዲንሾ_ብርዱ
ወንድሜ፣ ትራውት ኢትዮጵያ ውስጥ አለ። ግን አንተ ጋ አይደለም፣ ባሌ ነው። ለስራ ዲንሾ ከርሜያለሁ። ዳንካ፣ ወይብ፣ ሻያ የሚባሉት ወንዞች ላይ ሁለቱም ዓይነት አለ፤ ቡናማውም፣ ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር ያለው ቀስተ ደመናውም። የአገሩ አሳ እንዳይመስልህ። ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ኬንያም ቢሆን አገሩ አይደለም። ቡናማው እዚያ የገባው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው፣ እንግሊዞች ከስኮትላንድ አምጥተውት።

ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጠዋት ሳሩ ላይ አመዳይ ታያለህ። ትራውት የሚወደው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ውሃው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሲሆን ይመቸዋል። 20 ካለፈ መብላት ይቀንሳል። 25 አካባቢ ይሞታል። ኮምቦልቻን በግንቦት አስበው።

ዘንጉን ግን እንዳትሸጠው። ዘንጉ የአሳውን ስም አይጠይቅም። ርዝመቱ ስንት ነው? ከእጀታው በላይ ቁጥር ተጽፎበታል።

የቦርከና_ልጅ
9 ጫማ ይላል። ከዚያ 5 ቁጥር።

ዲንሾ_ብርዱ
ለሜዳ ወንዝ ነው እሱ፤ ቁጥሩ ዘንጉ የሚሸከመውን የክር ክብደት ነው የሚያሳየው። ለጫካ ጅረት 7 ጫማና 3 ቁጥር ይሻል ነበር። ቢሆንም ይሰራል፤ ቅርንጫፍ ግን ይበላሃል።

ክሩ ለምን ወፈረ ላልከው፣ ሚስጥሩ እሱ ነው። በተራው ማጥመጃ ጫፉ ላይ ያለው እርሳስ ክሩን እየጎተተ ይወስደዋል። እዚህ ግን ዝንቡ ምንም ክብደት የለውም። ክብደቱ ያለው ክሩ ላይ ስለሆነ የምትወረውረው ክሩን ነው፣ ዝንቡ ተከትሎ ይሄዳል። አሳው ወፍራሙን ክር እንዳያይ ደግሞ ጫፉ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ናይለን ይታሰራል፤ ዝንቡ ያለው የናይለኑ ጫፍ ላይ ነው።

ለቡሄ ጅራፍ አስጩኸሃል አይደል? ወሎ ውስጥ ጅራፍ ያላስጮኸ ልጅ የለም፣ ሃይማኖትህን አልጠየቅኩህም። ነገሩ እሱን ይመስላል፣ ግን መጮህ የለበትም። ከጮኸ ዝንቡ ተበጥሶ ሄዷል። ዘንጉን ወደ ኋላ ትወስድና ታቆማለህ። ክሩ ከኋላህ እስኪዘረጋ ትጠብቃለህ። ከዚያ ወደ ፊት። ጀማሪ የሚያበላሸው ያችን መጠበቂያ ነው። መጀመሪያ ኳስ ሜዳ ላይ፣ መንጠቆ ሳይኖረው፣ ጫፉ ላይ ቁራጭ ጨርቅ አስረህ ተለማመድ። ልጆች ይስቁብሃል። ይሳቁ።

ሐይቅ_ዳር
እኛ ሐይቅ ላይ በመረብ ነው የምንሰራው፤ ዋናው ቆሮሶ ነው፣ አምባዛም አለ። ዘንግ ይዞ የሚቆም ሰው ስናይ ወይ ቱሪስት ነው ወይ ሚስቱ አባራዋለች እንላለን። 😀 ሁዳዴ ሲደርስ ግን ለመቀለድ ጊዜ የለም፣ ዋጋው ሰማይ ነው። (አሳ በፆም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ ክር ላይ የሚያመጣ ሰው ወየውለት።)

የቦርከና ልጅ፣ በላባ ቆሮሶ ይያዛል ወይ ብለህ ከጠየቅከኝ፣ አላየሁም። በትል ግን ልጆች ከዳር ይይዛሉ።

መምህር_ባዮ
ጥያቄውን ስላየሁት ደስ አለኝ። ተማሪዎቼን ጅረት ዳር ይዤ ስወጣ "አሳ የለም" ይሉኛል። አለ። ከአዋሽ ጋር በተያያዙት ጅረቶቻችን በብዛት የምታገኘው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጋራ የሚባለው ትንሹ ነው። አገጩ ስር መጥበቂያ አለው፣ ድንጋይ ላይ ይለጠፍና አልጌ ይልጣል። እሱን በዝንብ እርሳው፣ ቀና ብሎም አያይህም። ሁለተኛው ባርባስ ነው። ወርቅማ፣ ትልልቅ ቅርፊት ያለው፣ አፉ ዳር ጢም መሳይ ነገር የተንጠለጠለበት። ትል ይበላል፣ ነፍሳት ይበላል፣ ዘር ይበላል፣ ፍሬ ይበላል። ያንተ ሰው እሱ ነው። ስጋው እሾህ ይበዛዋል፣ እሱን ከአሁኑ ልንገርህ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ኮምቦልቻ ከፍታው 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ከፍታ ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ ውስጥ ብልሃርዝያ የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ ትኖራለች። ጥገኛው በቆዳ ነው የሚገባው፣ ውሃ ባትጠጣም። ስለዚህ ባዶ እግርህን አትግባ፣ የጎማ ቦት አድርግ። ሌላው፣ ላይ ዘንቦ ታች ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰና ቅጠልና እንጨት ማምጣት ከጀመረ ዘንጉን ጥለህም ቢሆን ውጣ።

የቦርከና_ልጅ
መምህር፣ አመሰግናለሁ። ዲንሾ፣ አንተም። ሁለት ሳምንት ኳስ ሜዳ ላይ ጅራፍ ሳስጮህ ከረምኩ፣ ልጆቹ "ሰርከስ መጣ" ይሉኛል።

ቅዳሜ ሄድኩ። በባጃጅ ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ በእግር። ቦታውን አልናገርም። ውጤቱ ዜሮ ነው። ሜዳ ላይ የተማርኩት ጫካ ውስጥ ምንም አልሰራም፤ ክሩ ከኋላ የሚዘረጋበት ቦታ የለም። አንድ ሾላ አለች፣ ቅርንጫፏ ውሃው ላይ ያጎነበሰ። ሶስት ዝንብ በላችኝ። ሶስተኛውን ላወርድ ወጥቼ ሱሪዬ ተቀደደ። አንድ እረኛ ቁጭ ብሎ እያየኝ ቆየና "ጋሼ፣ ወፍ ነው የምትይዘው?" አለኝ። 26 ዓመቴ ነው፣ ጋሼ ተባልኩ።

አሳ ግን አየሁ። ስጠጋ ጥላ የመሰለ ነገር ብን ብሎ ጠፋ።

ሸዋበር_ላይ
ሾላዋ 3፣ የቦርከና ልጅ 0።

ዲንሾ_ብርዱ
አብሽር። ሁሉም እንዲሁ ነው የጀመረው። እኔ ዳንካ ላይ የመጀመሪያ ቀን የያዝኩት የራሴን ኮፍያ ነው።

መጀመሪያ አቀራረብህን እንይ። አሳ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ ነው የሚቆመው። ምግቡ የሚመጣው ከዚያ ነው። አንተ ከላይ ወደ ታች ከወረድክ ፊት ለፊት ነው የመጣህበት። ከታች ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ፣ ከጀርባው ትሆናለህ። ጎንበስ በል። ፀሐይ ከጀርባህ ከሆነች ጥላህ ቀድሞህ እንዳይደርስ። ድንጋይ አትርገጥ፣ አሳ በጎኑ ነው የሚሰማው፣ ኮቴህን ያውቃል። ነጭ ቲሸርት ለብሰህ ከሆነ ደግሞ ሠርግ እንደሄድክ ቁጠረው።

አወራወሩ ደግሞ ሁለት መላ አለው። አንዱ፣ ክሩን ወደ ኋላ ጭራሽ አትልከውም። ውሃው ላይ ተኝቶ እያለ ዘንጉን ቀስ አድርገህ ወደ ጆሮህ ታነሳለህ። ክሩ ከዘንጉ ጫፍ ወደ ውሃው ሆድ ሰርቶ ሲንጠለጠል ትቆማለህ። ከዚያ ሚስማር እንደምትመታ ወደ ፊት ጣል ታደርገዋለህ። ክሩ እየተንከባለለ ይሄዳል። ውሃው ራሱ ይይዝልሃል፣ ከኋላህ አንድ ክንድ ቦታ ካለህ ይበቃል።

ሁለተኛው ለጠባብ ቦታ ነው። ከዘንጉ የሚረዝም ክር አታውጣ። ዝንቡን በሁለት ጣት ከመንጠቆው መታጠፊያ ትይዛለህ፣ ጫፉን አትንካው። ዘንጉን ወደ ውሃው ቀስረህ ዝንቡን ወደ ራስህ ስትስበው ዘንጉ እንደ ቀስት ይለመጣል። ትለቀዋለህ። ከቅርንጫፍ ስር ሾልኮ ይገባል። ያችን ሾላ የምትበቀላት በዚህ ነው።

ዝንቡ ውሃው ላይ ካረፈ በኋላ ደግሞ አትጎትተው። ከዛፍ ላይ ውሃ ውስጥ የወደቀ ቅጠል እንዴት ነው የሚሄደው? እንደዚያ ነው መሄድ ያለበት። ክሩ ጎትቶት ውሃውን ከሰነጠቀ አሳው ወዲያው ይነቃል።

የቦርከና_ልጅ
ዝንብ ግን እያለቀብኝ ነው። እዚህ የሚሸጥ የለም። አጎቴ እስኪልክ ልጠብቅ?

ዲንሾ_ብርዱ
የምን መጠበቅ! አንተ እኮ ዶሮ በበዓል በሚታረድበት አገር ነው የምትኖረው። ፈረንጆቹ ለዝንብ መስሪያ ብለው ልዩ አውራ ዶሮ ያረባሉ፣ የአንገቱን ላባ በብዙ ብር ይሸጣሉ። እኛ ጋ ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል። እነሱ በጣም የሚፈልጉት ቀለም ደግሞ የኛው ገብስማ ነው፤ ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረው፣ ውሃ ላይ ሲሆን ክንፉ የሚርገበገብ ይመስላል።

የአውራውን የአንገት ላባ ውሰድ፣ ረጅምና ቀጭን የሆነውን። መንጠቆው ዙሪያ ሲጠመጠም ጸጉሩ ዙሪያውን ይቆማል። ዝንቡን የሚያንሳፍፈው ያ ነው። የሴቷ ዶሮ ላባ ለስላሳ ነው፣ ውሃ ይጠጣል፣ ለሚሰምጠው ዝንብ ይሆናል። ክር የልብስ ስፌት ክር፣ ቀጭኑን። ለሚሰምጠው ገላውን በቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠምጥመው፤ ሞተር የሚጠቀልሉ ልጆች ጋ ከተቃጠለ ዳይናሞ የወጣ ሞልቷል። መንጠቆውን የሚይዝልህ ሞርሳ ካላገኘህ ፒንሳ እጀታው ላይ ላስቲክ ታስርበታለህ፣ አለቀ።

ፒንሳው እጅህ ላይ እያለ የመንጠቆውን የኋላ እሾህ ተጭነህ አስተኛው። አሳውንም ሳትጎዳ ትለቀዋለህ፣ ጣትህም ውስጥ ከገባ በቀላሉ ይወጣል። ይገባል ደግሞ።

መምህር_ባዮ
ጥሩ ነው፣ ግን ላባውን ከመምረጥህ በፊት ድንጋይ ገልብጥ። ከውሃው ውስጥ የጡጫ ያህል ድንጋይ አንሳና ሆዱን እይ። ጠፍጣፋ፣ ሶስት ጭራ ያላቸው ትንንሽ ነገሮች ሲሯሯጡ ታያለህ። የአሸዋና የእንጨት ፍርፋሪ አጣብቆ እንደ ቱቦ ቤት የሰራ ትልም ታገኛለህ። ሁለቱም እጭ ናቸው፣ ሲያድጉ ክንፍ አውጥተው ይበራሉ። አሳው ቀኑን ሙሉ የሚበላው በአብዛኛው እነሱን ነው፣ ከስር። ስለዚህ በመዳብ የተጠመጠመው ከሚንሳፈፈው ይልቅ ሊሰራልህ ይችላል። ድንጋዩን እንደነበረ መልሰው፣ ቤታቸው ነው።

ኮምቦልቻ_ፕሮጀክት
ይቅርታ፣ እኔ ሌላ ነገር ላንሳ። ባሌ ላይ ሰርቷል ካላችሁ እኛስ ለምን ጫጩቱን አምጥተን አንለቅም? ደሴ 2,500 ሜትር ነው፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ቦርከና ላይኛው ክፍል ላይ ትለቃለህ፣ ሎጅ ትሰራለህ፣ ቱሪስት ይመጣል፣ ለወጣቱ ስራ ይሆናል። ሁልጊዜ አይቻልም ብቻ ነው እዚህ አገር።

መምህር_ባዮ
ብርዱ ብቻውን አይበቃም። ቦርከና የደሴን ፍሳሽ ይዞ ዶሮ መዝለያን ይወርዳል፣ ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካው ይጨመርበታል። ይሄን ለመናገር ጥናት አያስፈልግም፣ ድልድዩ ላይ ቆሞ ማሽተት ነው። ትናንሾቹ ጅረቶች ንጹህ ናቸው፣ ግን በበጋ ምን ያህል እንደሚቀንሱ ታውቃለህ።

ትራውት እንቁላሉን ጠጠር ቆፍሮ ነው የሚቀብረው። በ10 ዲግሪ ውሃ የቀስተ ደመናው እንቁላል ለመፈልፈል አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። ያን ወር ሙሉ በጠጠሩ መሃል ንጹህ ውሃ ማለፍ አለበት። የኛ ተራራ አፈር ደግሞ አንድ ዝናብ ሲመታው ወንዙ ውስጥ ነው። እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል።

እሺ፣ ሰራ እንበል። ያኔ ነው እኔ የምፈራው። ትራውት አዳኝ ነው። ኒውዚላንድ ላይ የአገሩን ትንንሽ አሳ ከብዙ ጅረት አጥፍቷል። የቦርከና ልጅ አጎት የሚኖርበት ኮሎራዶም ቡናማውና ቀስተ ደመናው መጤ ናቸው። የአገሩ ትራውት ጉሮሮው ስር ቀይ ጭረት ያለው ሌላ ነው። መጤዎቹ ገፍተውት አሁን በአብዛኛው ላይኛው ቀዝቃዛ ጅረት ላይ ተወስኖ ቀርቷል። ያልተጠና ጅረት ላይ አዳኝ መልቀቅ፣ ካልሰራ ገንዘብ ማባከን ነው፣ ከሰራ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ሐይቅ_ዳር
መምህር ያለውን እኔም ልጨምርበት። ሐይቅ ላይ ቆሮሶም ተወላጅ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው የተለቀቀው። እኔን ያሳደገኝ እሱ ነውና ክፉ አልናገርም፣ እንጀራችን ነው። ግን አባቴ ድሮ ውሃው ጠልቆ ይታይ ነበር ይላል። አሁን አረንጓዴ ነው።

ኮምቦልቻ_ፕሮጀክት
ገንዳ ውስጥስ? ወንዙን ሳንነካ?

መምህር_ባዮ
እሱ ሌላ ጥያቄ ነው፣ መጥፎም አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ፣ ቀዝቃዛ፣ የሚፈስ ውሃ አሳየኝና እናውራ። ካገኘህም ለከተማው መጠጥ ይቅደም የሚል ሰው ይመጣብሃል። እኔ ነኝ የምመጣው። 😀

ሽበቱ_ከጦሳ
ልጆች፣ ጨዋታችሁን እያነበብኩ ነበር። በኛ ጊዜ ዘንግ የለም። ትልልቆቹ ልጆች የብርብራ ፍሬ ይወቅጡና ጉድባ ውሃ ውስጥ ይጨምሩታል። አሳው ሰክሮ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። በሻሽ እንለቅመዋለን። ትንሽ ትልቅ የለም፣ ሁሉም። በዓመቱ እዚያው ጉድባ ሄድን፣ እንቁራሪት ብቻ።

የቦርከና ልጅ፣ ያቺ ዝንብህን የበላችው ሾላ ፍሬዋ በስሏል? ሾላ ሲበስል ልብ ብለህ አይተህ እንደሆነ፣ ፍሬው ውሃው ላይ ጧ ይላል። አሳው ከስሯ አይጠፋም። ፍሬውን ከፍተህ ብታየው ውስጡ ትንንሽ ነፍሳት ሞልቶበታል። ልጅ ሆነን የሾላ ፍሬ መንጠቆ ላይ ሰክተን በሲባጎ የያዝን ጊዜ ነበር።

የቦርከና_ልጅ
ጋሼ፣ እርስዎን እግዜር ይስጥልኝ! በስሏል፣ መሬቱ ሁሉ ፍሬ ነው። እኔ ከሷ ልሸሽ ነበር እኮ የማስበው።

የቦርከና_ልጅ
ተመልሼ መጣሁ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ደረስኩ። ግራጫ ሹራብ፣ የጎማ ቦት። ከታች ጀምሬ በጉልበቴ ወጣሁ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የሚንሳፈፈውን ገብስማ ሞከርኩ። አንድ አሳ መጥቶ ከስሩ አይቶት ተመለሰ። በዓይኔ አየሁት፣ ልቤ ቆመ። ከዚያ በመዳብ የጠመጠምኩትን ቀየርኩ። ስሰራው የታፋ ላባ ጨምሬበት ወፈር ብሏል፣ ዝንብም ትልም አይመስልም። የሾላ ፍሬ ቢመስል ነው።

እንደ ቀስቱ ለምጬ ለቀቅኩት። ከቅርንጫፏ ስር ገባ። ጧ አለ። አንድ፣ ሁለት ብዬ ሳልጨርስ ክሩ ቆመ። ድንጋይ መስሎኝ ዘንጉን አነሳሁ። ድንጋዩ ወደ ላይ መሮጥ ጀመረ!

አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ነው። ጢም አለው፣ ወርቅማ ነው፣ መምህር እንዳለው። እጄን አርጥቤ ነው የያዝኩት። እሾሁን ስላስተኛሁት መንጠቆው በቀላሉ ወጣ። ፊቱን ወደ ውሃው መምጫ አድርጌ ያዝኩት፣ ሁለቴ ውሃ ሳበና ሄደ። እጄ እስከ 3 ሰዓት ይንቀጠቀጥ ነበር። ፎቶ የለም፣ ስልኬ ባጃጁ ውስጥ ነው የቀረው። (ባጃጁ መልሶልኛል፣ አላህ ይስጠው።)

እረኛው ዛሬም ነበር። ስለቀው ሲያይ "እንዴ! ለዚህ ነው ሁለቴ የመጣኸው?" አለኝ።

ሸዋበር_ላይ
ሾላዋ 3፣ የቦርከና ልጅ 1። ፎቶ ስለሌለ በቪኤአር ይታያል።

ዲንሾ_ብርዱ
እንኳን ደስ ያለህ አቦ! ሁለት ሳይሞላ ክሩ ቆመ አልክ አይደል? ብዙ ጊዜ የሚሰማህ ያችን ብቻ ነው። ክሩ በቆመ ቁጥር አንሳ፣ ዘጠኙ ድንጋይ ይሁን።

ሽበቱ_ከጦሳ
ሾላው ሳያልቅ እኔንም ውሰደኝ። ጉልበቴ አይታጠፍም፣ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

የቦርከና_ልጅ
ጋሼ፣ በደስታ። ከደሴ ሲወርዱ መናኸሪያ እጠብቅዎታለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት። የአውራ ዶሮ ላባ ካለዎት ይያዙልኝ። ገብስማ ከሆነ ቁርሱ በኔ ነው።